ስም ያልተጻፈበት አስተያየት

በዚያን ጊዜ ከሚሴ ውስጥ፣ ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት ትንሽ አለፍ ብሎ በሚገኝ አንድ የጽሕፈት አገልግሎት ሱቅ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና አንድ የኢንተርኔት ዶንግል ነበረን። ማመልከቻ፣ የውል ወረቀት፣ የሠርግ ጥሪ እተይባለሁ። ሰው ወረቀቱን ሲያቀብለኝ ቀና ሳልል እቀበላለሁ፣ ስጨርስም ቀና ሳልል እሰጣለሁ። ሥራውን የወደድኩት ለዚህ ነው። ደንበኞቹ ስሜን አያውቁትም፤ ግማሹ “እህቴ” ይለኛል፣ ግማሹ “ኢንተላ” ይለኛል፣ በኦሮምኛ ልጅት እንደማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር እውላለሁ፤ ማታ አክስቴ ቤት ስገባ ግን ከማንም ጋር እንዳልዋልኩ ሆኖ ይሰማኝ ነበር።

ብሎግ የሚባለውን ነገር ያመጣችው ከግብርና ቢሮ የምትሠራ አንዲት ሴት ናት። እትዬ እላታለሁ። ሥራዋ ላይ ሆና ዩኒቨርሲቲ በርቀት ትማራለች። እንደ እሷ የሚማሩ ሃያ የሚሆኑ የመንግሥት ሠራተኞችና አስተማሪዎች ነበሩ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከደሴ አንድ ወጣት ቱተር ይመጣና በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ሰብስቦ በሞጁሉ ላይ ያወያያቸዋል። ይህን ቱቶሪያል ይሉታል። ቱተሩ ሁልጊዜ የሚናገሩት እነዚያው ሦስት ሰዎች እንደሆኑ አይቶ ኢንተርኔት ላይ ብሎግ ከፈተላቸው። ጥያቄ ይለጥፋል፣ እነሱ ሐሳባቸውን ከሥሩ ይጽፋሉ፣ ቅዳሜ ሲገናኙ የተጻፈውን ይዘው ይወያያሉ።

“በክፍል መናገር የሚፈራ ሰው ቢያንስ ይጻፍ ነው የሚለው” አለችኝ እትዬ። “እኔ ግን መጻፉንም ፈራሁት። አንቺ ነሽ የምትጽፊልኝ።”

እሷ ብቻ አይደለችም፤ ሁሉም ወደ እኛ መጡ። ብዙዎቹ ኮምፒውተር የላቸውም፤ ያላቸውም የአማርኛ ፊደል መልቀም አይችሉም። ስለዚህ በወረቀት ይጽፉና ያመጡልኛል፤ ከጨፋ ሮቢት የሚመጡት ከተዘጋ በኋላ ከደረሱ በበሩ ሥር አሾልከውት ይሄዳሉ። ባለሱቁ በሱቁ ስም አንድ አካውንት ከፈተልኝ። የሁሉም ጽሑፍ በዚያው ስም ይወጣል፤ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ እኔ ከላይ የጸሐፊውን ስም አኖራለሁ። አንዲት ቃል አልጨምርም፣ አንዲት ቃል አልቀንስም። ባለሱቁ ሲቀጥረኝ የነገረኝ የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነበር። “ሰው የጻፈው ቢሳሳትም የእሱ ነው። ተይው።”

የመጀመሪያው ሳምንት ያስቃል። ጥያቄው ‘ማኅበረሰብ ማለት ምንድን ነው?’ የሚል ነበር። መጀመሪያ የጻፈው ሰው “አሰላሙ ዓለይኩም፣ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ አዝመራው እንዴት ነው” ብሎ ገጹን ሞላና ለመልሱ ቦታ አጣ። ቀጣዩ ደግሞ ሰላምታ ሳይመልስ ወደ ጥያቄው ቢገባ ተቀየመ ይባላልና “ወዓለይኩሙ ሰላም፣ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን፣ በእናንተ በኩልስ” ብሎ ጻፈ። ሦስተኛው ለሁለቱም መለሰ። አንዱ በኦሮምኛ “አካም ጅርቱ” ብሎ ሲጀምር፣ ከእሱ በኋላ የመጡት በሁለቱም ቋንቋ ሰላም ማለት ግድ ሆነባቸው። ዓርብ ዕለት ሁሉም ደህና መሆኑ ታወቀ፤ ማኅበረሰብ ምን እንደሆነ ግን የጻፈ አልነበረም። ቱተሩ “ሰላምታችሁ ደርሶኛል፤ እባካችሁ ጥያቄውን መልሱ” ብሎ ለጠፈ።

“ቸኮለ!” አለ ባለሱቁ ሲያነበው። “ገና ስለ ከብቱ መች ተጠያየቁና!”

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ግን እየለመዱት መጡ፤ መከራከርም ጀመሩ። እኔ መሐላቸው ነበርኩ። የአንዱን ሐሳብ ስተይብ እስማማለሁ፣ የሌላውን ስተይብ ደግሞ ወደዚያ አዘነብላለሁ። አንዳንዴ ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ስከፍት፣ አሁን ክፍል ገብተው በእኔ ጣት ያለፈውን ነገር እያወሩ ነው እላለሁ። ምን እንደተባለ የምሰማው እትዬ ሰኞ ስትመጣ ነው፤ እሷ ካልመጣች ሳልሰማው ይቀራል።

በሁለተኛው ወር አንድ አዲስ ሰው ወረቀት ይዘው ገቡ። አምሳ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረበ፣ ቀጠን ያሉ፣ ጨፋ ሮቢት የሚያስተምሩ መምህር ናቸው።

“ኢንተላ፣ ይህን ጽሑፍ ታነቢዋለሽ?” አሉኝ። “እኔ ራሴ ካደረ አላነበውም። ሚስቴ ዶሮ ሄዳበታለች ነው የምትለው።”

“አነበዋለሁ” አልኩ።

ማንበብ ብቻ አይደለም፤ ጽሑፉን አውቀዋለሁ። ገና ከሚሴ ሲያስተምሩ፣ ሰባተኛ ክፍል፣ የክፍላችን ኃላፊ ነበሩ። ‘ሐ’ን ሲጽፉ መሐለኛው እግር ከሌሎቹ ረዝሞ ከመስመር በታች ይወርዳል። ቀና ብዬ አየኋቸው። ፀጉራቸው ሸብቷል። እሳቸውም አዩኝ፤ ወዲያው ግን ፊታቸውን ወደ ፎቶ ኮፒው አዙረው ዋጋውን ጠየቁ። አልፈረድኩባቸውም። ያኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ከግድግዳው ተጠግቼ የምቀመጥ፣ በዓመት አንዴ እንኳ እጄን የማላወጣ። አሁን ሻርፔን እስከ ግንባሬ አውርጄ ከኮምፒውተር ጀርባ ነው ያለሁት። በምን ያውቁኛል?

ትምህርት እንዴት እንደተውኩ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሰባተኛ ክፍል ለመማር ከጨፋ ከሚሴ መጥቼ አክስቴ ቤት ነበር የምኖረው። አክስቴ ወለደች። ለአንድ ሳምንት ቤት ቀርቼ ረዳኋት። ሳምንቱ ሲያልቅ ትልቁ ልጇ ኩፍኝ ያዘው፤ ሌላ ሳምንት ተጨመረ። “ተዪ” ያለኝ ሰው የለም። እንዲያውም አክስቴ “በይ አሁን ሂጂ፣ በቃኝ” አለችኝ። ዩኒፎርሜን ለብሼ ሄድኩ። ከክፍሉ በር ስደርስ መምህሩ ስም እየጠሩ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። በቦታዬ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። ስሜ ተጠራ። “አቤት” ማለት ነበረብኝ፤ በሩን ገፋ አድርጌ “አቤት” ማለት ብቻ። ሁሉም ዞረው ሲያዩኝ ታየኝና አፌ ተያዘ። መምህሩ ትንሽ ጠበቁ፣ እስክሪብቷቸው ወረቀቱን ጫር ሲያደርግ ሰማሁ፣ ወደሚቀጥለው ስም አለፉ። ተመለስኩ። ሦስት ቀን እንደዚሁ ሄጄ ተመለስኩ። በአራተኛው ቀን ዩኒፎርሙን አልለበስኩም። አክስቴ ስትጠይቀኝ “ተባረርኩ” አልኳት፤ እሷም የምትገፋፋበት ጊዜ አልነበራትም። ከትምህርት ቤት ግን ‘የት ጠፋች?’ ብሎ የመጣ ሰው አልነበረም። ያንን ዓመት ሙሉ ጠብቄ ነበር። በር ሲንኳኳ እሳቸው ይሆኑ እያልኩ።

እንግዲህ መምህሩ ባመጡት ወረቀት ላይ ያለው የቱተሩ ጥያቄ ‘ሴት ልጆች ለምን ከትምህርት ይቀራሉ?’ የሚል ነበር። እሳቸው በሁለት ገጽ መልሰውታል። የወላጆች የግንዛቤ ማነስ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ የቤት ውስጥ ሥራ። ሌሎቹም ያንኑ ነው የጻፉት። ‘ግንዛቤ’ የምትለውን ቃል የዚያን ቀን ስንት ጊዜ እንደተየብኳት አላውቅም። ውሸት አልነበረም፤ በእነዚያ ምክንያቶች የቀሩ ልጆችን እኔም አውቃለሁ። ግን የመምህሩን ወረቀት ስጨርስ እጄ ከፊደሉ ላይ አልነሳ አለ። ባለሱቁ ለዙህር ሶላት መስጊድ ሄዷል። ከመምህሩ ጽሑፍ ሥር፣ ከላይ ስም ሳላኖር፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

“አንዲት ልጅ አውቃለሁ። ቤተሰቧ ‘ተማሪ’ አሏት። ሁለት ሳምንት ቀርታ ስትመለስ በር ላይ ቆማ ስሟ ሲጠራ ሰማች። አፍራ አልገባችም። ስሟን የጠራው ሰው ቤቷ መጥቶ ቢጠይቃት ኖሮ ትመለስ ነበር። ይህ የማን የግንዛቤ ማነስ ነው?”

ለጠፍኩት። ገጹን ዘጋሁት። ባለሱቁ ሲመለስ “መብራት ሄዶ ነበር እንዴ? ምነው ላብ አጠመቀሽ?” አለኝ።

ሰኞ እትዬ እየሮጠች መጣች። “ወላሂ የቅዳሜው ሌላ ነበር!” አለች። “ቱተሩ ስም የሌለውን አስተያየት ጮክ ብሎ አነበበው። ቀጥሎ ደግሞ ሁሉም በአንድ አፍ! ዘንድሮ ተናግሬ የማላውቀው ሴትዮ እንኳ ተናገርኩ። የጨፋ ሮቢቱ መምህር ግን ተቆጡ። ከእሳቸው ጽሑፍ ሥር ስለሆነ እኔን ለመንካት ነው አሉ። ለመሆኑ ማን ነው የጻፈው?”

“በበሩ ሥር ተጥሎ ያገኘሁት ወረቀት ነው” አልኳት። ሰው ፊት ስዋሽ የመጀመሪያዬ ባይሆንም፣ እንዲህ ሳልንተባተብ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው።

በማግሥቱ መምህሩ ራሳቸው መጡ። ሰላምታ አሳጠሩ፤ በእኛ አገር ይህ ራሱ ቁጣ ነው።

“ያ ወረቀት አለ?”

“የቱ?”

“በበሩ ሥር የተጣለው። የእጅ ጽሑፉን ልየው።”

“ተይቤ ጣልኩት።”

ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡና እዚያው ወረቀት አውጥተው መጻፍ ጀመሩ። እየጻፉ ለራሳቸው ያወራሉ። “በር ላይ ቆማ! እኔ በር አልፎ የሚያይ ዓይን አለኝ? ማነሽ ኢንተላ፣ ፍረጂ እስቲ። አለሁ ያላለን ሰው አለህ ትይዋለሽ?”

ወረቀቱን ሰጡኝና እዚያው ተቀምጠው ጠበቁ። ለእኔ የተጻፈልኝን መልስ እሳቸው ፊቴ ተቀምጠው እኔ ተየብኩት። “ስማቸውን ላልገለጹት ጸሐፊ። በአንድ ክፍል ሰባ አምስት ልጅ ነበረኝ። በር ላይ የቆመን ሰው ማየት አልችልም። ልጅቷ ስሟ ሲጠራ ለምን ‘አቤት’ አላለችም? አንድ ቃል ነበር።”

አንድ ቃል ነበር። እውነታቸውን ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩን በእሳቸው በኩል አስቤው አላውቅም። ከሄዱ በኋላ ብዙ ጊዜ ጠብቄ፣ ከሥሩ ይህን ብቻ ጻፍኩ፦ “መምህር፣ አፈረች። አንዳንድ ሰው አንድ ቃል ይከብደዋል። ልጆች ሲቀሩስ ያስታውሷቸው ነበር?”

ባለሱቁ ነገሩን ሊጠረጥር ይችል ነበር፤ ግን እሱ ብሎጉን የሚያየው ሲያስቅ ብቻ ነው። እትዬ ሰዉ ሁሉ ስም የሌለውን ሰው እየገመተ እንደሆነ ነገረችኝ፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት የሚሉ አሉ፣ ራሱ ቱተሩ ነው የሚሉም አሉ። እኔን የጠረጠረ አልነበረም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ያን ሰሞን ከወትሮው የባሰ ሆድ ይብሰኝ ጀመር። የምጽፈውን ሃያ ሰው ያነበዋል፤ ፊት ለፊት ግን “ስንት ኮፒ?” ከሚለው ሌላ የሚጠይቀኝ የለም።

መምህሩ ቱቶሪያሉ አንድ ቀን ሲቀረው ዓርብ ከሰዓት መጡ። አሁን ቁጣው አልነበረም። ወረቀቱን ሲሰጡኝ “ይህችን በደንብ ተይቢልኝ፤ ስሞቹን እንዳትስቺ” አሉና ለዓስር ሶላት ወጡ።

“ጠይቀውኛልና እመልሳለሁ” ይላል። “ሌሊቱን ሳስታውስ አደርኩ። ቀርተው ያልጠየቅኋቸው አሉ። አንዷ እናቷ የሞተችባት ናት። አንዷ ከወንዝ ማዶ የምትመጣ ነበረች፤ ቦርከና ሲሞላ ትቀራለች፣ ሲጎድልም ቀረች። አንዷ ጎበዝ ነበረች፣ ሒሳብ ከእኔ ትፈጥን ነበር። ስማቸውን እዚህ ስጽፍ እፍረት ይሰማኛል፤ ግን መጻፍ ያለበት ይመስለኛል። ካሉ፣ የሚያውቃቸው ሰው ካለ፣ መምህራችሁ ጠይቋችኋል በሉልኝ።”

ከዚያ ሦስት ስም። የእያንዳንዳቸው ከነአባታቸው።

ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ። ከወንዝ ማዶ የምትመጣዋ ፊቴ ነበር የምትቀመጠው። በወረቀቱ ጀርባ ሌላ ስም ይኖር እንደሆነ ገልብጬ አየሁ። ባዶ ነው። ስሞቹን አንድ በአንድ ተየብኩ፣ ከወረቀቱ ጋር አስተያየሁ፣ ልክ ናቸው። ለመለጠፍ አንድ መጫን ብቻ ይቀረኝ ነበር። እዚያ ላይ ቆምኩ። ውጭ ባጃጅ ጡሩምባ ይነፋል። ሦስት ዓመት ሙሉ በሰው ጽሑፍ ላይ አንዲት ነጥብ ያልጨመርኩት ሰው፣ ከሦስተኛው ስም ሥር የራሴን ስም ከነአባቴ ጻፍኩና ለጠፍኩት።

ቅዳሜንና እሑድን እንደምንም አሳለፍኩ። ሰኞ እትዬ አልመጣችም፤ ልጇ አሟት ነበር። ማክሰኞ ገና ሱቁን ስከፍት መምህሩ በር ላይ ናቸው። በእጃቸው ከብሎጉ የታተመ ገጽ ይዘዋል፤ ቱተሩ ለሁሉም አትሞ አድሏቸው ኖሯል።

“ኢንተላ፣ እኔ ስንት ስም ነው የሰጠሁሽ?”

“ሦስት” አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝ።

“ሦስት። እዚህ አራት ነው።” ጣታቸውን መጨረሻው ስም ላይ አኖሩ። “ቅዳሜ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ ነው ይህን እኔ አልጻፍኩም ያልኩት በልቤ።”

“ስህተት ከሆነ ላጥፋው?” አልኩ።

ይህን ስል ምን እንዲሉ እንደፈለግሁ አውቃለሁ። ‘ማን ናት?’ እንዲሉኝ ነው። ያን አንድ ጥያቄ ቢጠይቁኝ ቃሉ የሚወጣልኝ ይመስለኝ ነበር። መምህሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስሜን ደግመው አነበቡት። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ስሜን ከአፋቸው ከሰማሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ አሁንም ድምፅ የለውም።

“አላስታውሳትም” አሉ በመጨረሻ። “ግን ተይው፣ ይኑር። ሳትኖር አትቀርም። ብዙ ነበሩ። ምናልባት እጄ ጽፎት ይሆናል፣ እኔ ረስቼው። ወላሂ እንዲያ ነው የሚሆነው።”

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ቆም ብለው የሆነ ነገር ሊሉ መሰለኝ፤ ግን “ነገ የፈተና ፎርም ላመጣልሽ ነው” ነው ያሉት። ወጡ። ባጃጅ አስቆሙ።

ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተነሣሁ። ደንበኛ ተከትዬ ከበር ወጥቼ አላውቅም። ባጃጁ መንቀሳቀስ ሲጀምር “ቲቸር!” ብዬ ጠራሁ። የራሴ ጩኸት አስደነገጠኝ፤ ጫማ ጠራጊዎቹ ዞረው አዩኝ።

መምህሩ ከባጃጁ አንገታቸውን አወጡ። በከተማው ሁሉ ‘ቲቸር’ የሚላቸው ያስተማሩት ሰው ነው፤ በየመንገዱ ይጠራቸዋል፣ እሳቸውም ለሁሉም እንደሚያደርጉት እጃቸውን ከፍ አድርገው በፈገግታ አወዛወዙልኝ። “ነጋቲ፣ ኢንተላ ኮ! ጎብዢ!” አሉኝ፤ ደህና ሁኚ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ባጃጁ ወደ መናኸሪያው ታጠፈ።

ባለሱቁ በዚሁ መሐል ደርሶ ከበሩ ሆኖ ያይ ነበር። “ያውቁሻል እንዴ?” አለኝ።

“አስተምረውኛል” አልኩት።

“መች?”

“ሰባተኛ ክፍል” አልኩ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠና “እስቲ ንገሪኝ” አለኝ።